30 ላይሰንስ፣ 17 ስም፣ 18 ሰው

አንድ የምሕንድስና ድርጅት ለስሌት ሶፍትዌሩ 30 ተንሳፋፊ ላይሰንስ (ለሰው በስም ያልተመደበ፣ ሶፍትዌሩ ሲከፈት ብቻ የሚያዝ) ገዝቷል። ሶፍትዌሩን የሚነኩት ሠራተኞች ግን አንድም ሳይቀር ቢቆጠሩ 24 ናቸው፤ ትርፎቹ የተገዙት ለወደፊት ቅጥር ታስቦ ነው። እንዲያም ሆኖ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሶፍትዌሩን ሊከፍት የሚሞክር መሐንዲስ የስህተት ቁጥር -4 ይመጣበታል። መልእክቱ የተፈቀደው የተጠቃሚ ብዛት ሞልቷል የሚል ነው።

የአይቲ ክፍሉ 10 ተጨማሪ ላይሰንስ ይገዛ ብሎ ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው ፋይናንስ ዘንድ ሲደርስ ኃላፊዋ «24 ሰው ይዘን 30ው እንዴት አነሰን?» ብለው ጠየቁ። መልስ ያለው ሰው ስላልተገኘ ግዢው ባለበት ቆመ። እኔም ነገሩን እንድመረምር የተጠራሁት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

እውነት ለመናገር፣ መልስ ጠፋ ማለት አይቻልም። መልሱ በዝቶ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። ፋይናንሶቹ አንድ ሰው ከውጭ ገብቶ ላይሰንሱን እየተጠቀመበት ነው ብለው ጠርጥረዋል። የሲስተም አድሚኑ ደግሞ በተቃራኒው 30 ጭራሽ አይበቃም ባይ ናቸው፤ ሰርቨሩ ላይ የገቡትን የሚዘረዝረውን «ሁ» የሚባል ትዕዛዝ በሰጡ ቁጥር ከ50 በላይ የገባ ተጠቃሚ ይቆጥራሉ። በዚህ መሐል በየቀኑ የላይሰንስ ሰርቨሩን ዘግቶ መክፈት ልማድ ሆኗል። ሲከፈት ለትንሽ ጊዜ ቦታ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን በሥራ ላይ የነበረው ፕሮግራም ግንኙነቱን ሊያድስ ሲሞክር አዲስ የገባው ሰው ቀድሞት ይቆያል። ከአንዱ ተነጥቆ ለሌላው ይሰጣል እንጂ የተለቀቀ ነገር አልነበረም።

የሁሉም ግምት የተሳሳተው በአንድ ምክንያት ነው። ሁሉም ቁጥር ከቁጥር ጋር ያነጻጽራሉ፤ ቆጣሪው ምንን እንደ «አንድ» እንደሚይዝ ግን የጠየቀ አልነበረም።

የአድሚኑ ስሜት ከየት እንደመጣ መረዳት ይቻላል። እሳቸው ያደጉት ኤአይኤክስ በተባለው የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። በቀድሞው ኤአይኤክስ የመግቢያ ላይሰንስ የሚቆጥረው ራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነበር። የተፈቀደው ልክ ሲሞላ ክፍት የመግቢያ ሴሽን የለም ብሎ ሰውን ከበር ይመልሳል፤ ልኩ የሚታይበትም የሚቀየርበትም የራሱ ትዕዛዝ ነበረው። በዚያ ዓለም አንድ ሎግኢን ማለት አንድ ላይሰንስ ነው። የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ኦራክልም በአንድ ወቅት በሴሽን ብዛት የሚገድብ መለኪያ ነበረው፤ አንድ ሰው ሦስት ሴሽን ከከፈተ ሦስት ይቆጠርበታል። በዚህ የኖረ ሰው «ሁ» ብሎ መቁጠሩ አይገርምም። ይኸኛው ሶፍትዌር ግን እንደዚያ አይሠራም።

«ሁ» የሚያነበው ዩቲኤምፒ የተባለውን የመግቢያ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር የሚወክለው አንድ የተከፈተ ተርሚናልን ነው፣ አንድን ሰው አይደለም። አንድ ሰው በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ) ሦስት ጊዜ ቢገባ ሦስት መስመር ይይዛል። ኤክስተርም የተባለውን የተርሚናል መስኮት በከፈተ ቁጥርም መስመር ሊጨመርለት ይችላል። ከገቡት ውስጥ ሶፍትዌሩን ማን እንደከፈተ፣ ማን ኢሜይል ብቻ እያነበበ እንደሆነ መዝገቡ አያውቅም። የላይሰንሱ ቆጣሪ በበኩሉ ይህን መዝገብ ዞር ብሎም አያየውም።

ቆጣሪው ፍሌክስኤልኤም የተባለ የላይሰንስ ማስተዳደሪያ ነው። ሶፍትዌሩ ሲነሳ ከላይሰንስ ሰርቨሩ ጋር በኔትወርክ ይገናኝና አንድ ላይሰንስ ያወጣል፤ ሲዘጋ ይመልሳል። አንዱ የማውጣት ጥያቄ ከሌላው ጋር በአንድ ላይሰንስ ይጠቃለል ወይስ ለብቻው ይቆጠር የሚለውን የሚወስነው በላይሰንስ ፋይሉ ውስጥ ያለ ዱፕ ግሩፕ የሚባል መስክ ነው። መስኩ ፊደሎች ይይዛል፦ ዩ የተጠቃሚውን ስም፣ ኤች ማሽኑን፣ ዲ ዲስፕሌዩን (ፕሮግራሙ መስኮቱን የሚያሳይበትን የስክሪን አድራሻ) ይወክላሉ። መስኩ ጭራሽ ከሌለ እያንዳንዱ ማውጣት ለየብቻ ይቆጠራል። በዚህ ድርጅት ፋይል ላይ ሦስቱም ፊደሎች ነበሩ። ስለዚህ ስሙ፣ ማሽኑና ዲስፕሌዩ አንድ የሆኑ ማውጣቶች ሁሉ ምንም ያህል ቢበዙ አንድ ላይሰንስ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ሌላ ላይሰንስ ይሄዳል።

ሁሉም ሶፍትዌሩን የሚያስሮጡት በአንድ የስሌት ሰርቨር ላይ ስለሆነ ማሽኑ ለሁሉም አንድ ነው። ስሙም በአንድ ሰው ዘንድ አይለወጥም። የቀረው ዲስፕሌዩ ነው፤ ችግሩም የተገኘው እዚያው ነበር።

ኤልኤምስታት የሚባለው ትዕዛዝ ላይሰንስ የያዙትን ሁሉ ይዘረዝራል። ሞልቷል በተባለበት ረፋድ ላይ ከወጣው ዝርዝር የአንዱ መሐንዲስ መስመሮች የሚከተሉት ነበሩ፤ የተጠቃሚውንና የማሽኑን ስም ቀይሬዋለሁ፦

መሐንዲስ07 ስሌት1 ሎካልሆስት:10.0
መሐንዲስ07 ስሌት1 ሎካልሆስት:11.0
መሐንዲስ07 ስሌት1 ሎካልሆስት:14.0
መሐንዲስ07 ስሌት1 ሎካልሆስት:17.0

ይህ ሰው ከጠረጴዛው ሳይነሳ አራት ላይሰንስ ይዟል። ያደረገው ነገር ቢኖር ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ የኤስኤስኤች መስኮት መክፈት ብቻ ነው። ኤስኤስኤች የሰርቨሩን ግራፊክስ ወደ ተጠቃሚው ስክሪን ሲያስተላልፍ ለእያንዳንዱ ሎግኢን የራሱን ዲስፕሌይ ቁጥር ይሰጣል። ካልተቀየረ በቀር ከ10 ይጀምርና ነጻ ሆኖ ያገኘውን ቀጣይ ቁጥር ይይዛል። ለተጠቃሚው አራቱም መስኮቶች አንድ ስክሪን ላይ ናቸው፤ ለቆጣሪው ግን አራት የተለያዩ ዲስፕሌዮች ናቸው።

አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው የሰርቨሩን ዴስክቶፕ ከርቀት በሚያሳየው በቪኤንሲ ነው የምትሠራው። ሰርቨሩ ላይ አንድ ቋሚ ዴስክቶፕ አላት፤ በውስጡ ሶፍትዌሩን አምስት ጊዜ ብትከፍተው ዲስፕሌዩ ሁሌም ያው ስለሆነ የያዘችው አንድ ላይሰንስ ነው። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የገቡበት መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማጣራት ነበር። በዝርዝሩ ላይ ያሉትን የስም፣ የማሽንና የዲስፕሌይ ጥምረቶች ድግግሞሻቸውን አውጥተን ስንቆጥር ልክ 30 ሆኑ፤ ቆጣሪው አልተሳሳተም። የስሞቹ ብዛት ግን 17 ነው። ዘጠኙ በቪኤንሲ የሚሠሩ ናቸው፤ ዘጠኝ ላይሰንስ። አምስቱ በኤስኤስኤች መስኮት የሚሠሩ ናቸው፤ አምስቱ ብቻቸውን 14 ይዘዋል። ሁለት ስሞች ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በስማቸው ግን ስድስት ላይሰንስ ወጥቷል። የቀረው አንድ ስም ብዙ ሰው የሚገባበት የጋራ መለያ ነው፤ አንድ ላይሰንስ።

መጀመሪያ ያተኮርነው በሌሉት ሰዎች ላይ ነው፤ የስርቆቱን ጥርጣሬ ያስነሱትም እነሱ ነበሩና። ማሽኑ ራሱ ካልተበላሸ በቀር ሰው በሌለበት ላይሰንስ የሚቆየው በአንድ መንገድ ነው፦ ፕሮግራሙ ራሱ ገና በሕይወት ካለ። ፕሮሰሱ፣ ማለትም እየሮጠ ያለው ፕሮግራም፣ ከሞተ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ላይሰንሱም ይመለሳል።

ከሁለቱ አንደኛው በጠዋት ከቤቱ ገብቶ፣ ሶፍትዌሩን በሁለት መስኮት በተርሚናል ከፍቶ፣ ላፕቶፑን አጥፎ ወደ ፊልድ ወጥቷል። ሰርቨሩ ይህን አያውቅም። ፕሮግራሙ ትዕዛዝ እየጠበቀ ዝም ስላለ በመስመሩ ላይ የሚላክ ነገር የለም፤ የሚላክ ከሌለ ደግሞ መስመሩ መቆረጡን የሚያሳይ ነገር የለም። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ዝም ያለ የቲሲፒ (የኔትወርክ) ግንኙነት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው ካልተስተካከለ በቀር ከ7,200 ሴኮንድ በኋላ ነው። ከዚያ በ75 ሴኮንድ ልዩነት 9 ጊዜ ሞክሮ መልስ ካጣ ይዘጋዋል። ሲደመር 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይሆናል። ረፋዱ በሙሉ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ሰውየው ፈቃድ ወጥቷል፤ በስሙ ግን አራት ላይሰንስ ወጥቷል። ይህ ሰው ቲመክስ የተባለ የተርሚናል ፕሮግራም ተጠቃሚ ነው። ቲመክስ ሎግኢኑ ቢቋረጥም በውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች በሕይወት ያቆያል፤ ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን አንድ ቲመክስ ሴሽን ከነሁሉ መስኮቶቹ አንድ ላይሰንስ መያዝ አልነበረበትም? ነገሩ ግልጽ እስኪሆንልን ድረስ ጊዜ ፈጀ። ቲመክስ ተጠቃሚው ተመልሶ በተገናኘ ቁጥር የዲስፕሌዩን ዋጋ ከአዲሱ ሎግኢን ይወስዳል፤ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ለሚከፈቱ መስኮቶች ብቻ ነው። ቀድሞ የተከፈተው መስኮት አሮጌውን ዋጋ እንደያዘ ይቀጥላል። ሰውየው በተለያየ ቀን እየገባ በዚያው ቲመክስ ውስጥ አራት መስኮት ከፍቷል፤ በየቀኑም የተሰጠው የዲስፕሌይ ቁጥር የተለያየ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቲመክስ ውስጥ አራት ዲስፕሌይ፣ አራት ላይሰንስ። ቁጥሮቹ ይጠቁሟቸው የነበሩት የኤስኤስኤች ግንኙነቶች ከሞቱ ቆይተዋል፤ በተርሚናል ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ዲስፕሌዩ ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ለላይሰንስ ሰርቨሩ ስሙን መናገር ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሰው ሲወጣ ከኋላው የቀሩ ፕሮሰሶችን መግደልን ነባሪ ምርጫ አድርጎ ብዙ ጩኸት አስነስቶ ነበር። አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች መልሰው አጠፉት። በላይሰንስ ዓይን ካየነው ሐሳቡ እንደተወራበት ክፉ አልነበረም።

አድሚኑ እነዚህን ላይሰንሶች ኤልኤምሪሙቭ በተባለው ትዕዛዝ ለማስለቀቅ ሞክረው ነበር። ትዕዛዙ ላይሰንሱን ይነጥቃል፣ ቆጣሪውም ይቀንሳል፤ ፕሮግራሙ ግን በሕይወት ስላለ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። መሣሪያው የተሠራው ማሽኑ ተበላሽቶ ላይሰንሱ ተንጠልጥሎ ለሚቀርበት ጊዜ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ለፕሮግራሙ ባለቤት ደውሎ ጠይቆ ፕሮሰሱን መዝጋት ነበር፤ እንዲያ ተደረገ።

የጋራ መለያው ነገር ሌላ ነው። ላይሰንስ ሰርቨሩ ላይ የሚታየው አንድ ስም፣ አንድ ላይሰንስ ነው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ያሳየን ያ ስንንቀው የቆየነው «ሁ» ነው። «ሱ» በሚባለው ትዕዛዝ ወደ ሌላ መለያ የተሸጋገረ ሰው በመግቢያ መዝገቡ ላይ የመጀመሪያ ስሙን እንደያዘ ይቆያል፤ ፕሮሰሶቹ ግን በአዲሱ መለያ ስም ነው የሚሮጡት። ተርሚናሎቹን ከፕሮሰሶቹ ጋር ስናገናኝ በጋራ መለያው ውስጥ አራት ሰዎች ተገኙ። አራቱም ከየራሳቸው ተርሚናል ሶፍትዌሩን ከፍተዋል። አንድ ብቻ የተቆጠረው ከቀድሞ የቀረ አንድ መስመር በመለያው ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ዲስፕሌዩን ሁልጊዜ «:5» ስለሚያደርገው ነው። መስመሩን የጻፈው ሰው ለሌላ ጉዳይ እንደጻፈው ግልጽ ነው፤ ውጤቱ ግን አራት ሰው በአንድ ላይሰንስ ሆነ።

እንግዲህ በዚያ ረፋድ በትክክል እየሠሩ የነበሩት ዘጠኝ፣ አምስትና አራት፣ ድምር 18 ሰዎች ናቸው። 30 ሞላ በተባለበት ሰዓት ለሰው ብቻ ቢቆጠር 12 ክፍት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በሎግ ላይ የማይነበብ አለ። መሐንዲሶቹ ረፋድ ላይ ላይሰንስ እንደማይገኝ ካወቁ በኋላ በጠዋት ገብተው ሶፍትዌሩን ከፍተው መተው ጀምረዋል። የሚሠሩበት ከሰዓት በኋላ ቢሆንም እንኳ ከጠዋት ይይዙታል። አንዳንዱ መጠባበቂያ ብሎ ሁለተኛ መስኮት ይከፍታል። እጥረቱ ሽሚያን ወለደ፣ ሽሚያው እጥረቱን አባባሰ። 10 ተጨማሪ ቢገዛ ኖሮ ይኸው ልማድ 10ሩንም ይውጣቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጋራ መለያው ምስጢር ሲወጣ አንድ ሐሳብ ወዲያው መጣ፦ ያንን መስመር ለሁሉም ሰው ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ እናስገባው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። በየራሱ መለያ የሚሠራ ሰው ዲስፕሌዩ ቋሚ ከሆነ ስንት መስኮት ቢከፍት አንድ ይቆጠራል። በግራፊክስ የሚሠሩት ግን መስኮታቸው ወደ ሌለ ስክሪን ስለሚላክ ሥራ ያቆማሉ። ከዚያም በላይ ለቆጣሪው የሚነገረውን ዋጋ በእጅ መቀየር ነው፤ ውጤቱ ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ ኦዲት በመጣ ጊዜ ማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። ሳይጻፍ የተፈቀደ ነገር አልተፈቀደም ብለን ተውነው። የላይሰንስ ፋይሉን አርሞ «ዲ» የሚለውን ፊደል ማውጣትም አይቻልም፤ መስኩ በፊርማው ውስጥ ስለሚገባ አንድ ፊደል ከተነካ ፋይሉ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ ወደ ውሉ ተመለስን፤ ከዚያ በፊት ማንም ገልጦ አላየውም ነበር። ውሉ 30 ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ይላል፤ ተጠቃሚ ማለት አንድ ሰው መሆኑንና በጋራ መለያ የሚሠሩ በቁጥራቸው ልክ እንደሚታሰቡም ጽፏል። ይህ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። በኤስኤስኤች የሚሠሩት አምስት ሰዎች በውሉ መሠረት አምስት ሆነው ሳለ ፋይሉ 14 እያስከፈላቸው ነው። በጋራ መለያ ያሉት አራት ሰዎች ደግሞ በውሉ አራት ሆነው ሳለ ፋይሉ አንድ ይላቸዋል። ለአቅራቢው የመጀመሪያውን ነግሮ ሁለተኛውን መሸሸግ ይቻል ነበር፤ ስብሰባ ላይም ተነስቷል። የእኔ ምክር መጀመሪያ የራስን ቤት ማጽዳት ነበር፦ የጋራ መለያው ለሶፍትዌሩ እንዳይውል ተዘጋ፣ አራቱም በየስማቸው እንዲሠሩ ተደረገ፣ ከዚያ ለአቅራቢው ሁሉም እንደነበረ ተጻፈለት።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ በውስጥ የሚሠራ ሥራ ነበር። በኤስኤስኤች የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ገብተው ሌሎቹን መስኮቶች ከዚያው ከውስጥ እንዲከፍቱ ተነገራቸው፤ ከአንድ ሎግኢን የተወለዱ መስኮቶች ያንኑ ዲስፕሌይ ይወርሳሉ። ከሁሉም ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። በኤስኤስኤች ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ደንበኛው በሕይወት መኖሩን በየ300 ሴኮንዱ እንዲጠይቅና ሦስት ጊዜ መልስ ካጣ እንዲዘጋ ተደረገ። ታጥፎ የተተወ ላፕቶፕ ግንኙነት 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሳይሆን 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል። አድሚኑ 60 ሴኮንድ ፈልገው ነበር፤ ኔትወርኩ ለአራት ደቂቃ ቢቋረጥ በመሐል ያለ የሰው ሥራ ይሞታልና አልተስማማሁም።

በላይሰንስ ሰርቨሩ የምርጫ ፋይል ላይ ሥራ ፈት የሆነን ፕሮግራም የሚያስለቅቅ የጊዜ ገደብም ተጨመረ። ከ900 ሴኮንድ በታች ማድረግ አይቻልም፤ እኛ ያደረግነው 7,200 ነው። ገደቡ የሚሠራው ፕሮግራሙ ራሱ ሥራ መፍታቱን እንዲያሳውቅ ተደርጎ ከተጻፈ ብቻ ነው። በዚህ ሶፍትዌር በግራፊክስ ሲከፈት ሠራ፤ በተርሚናል ሲከፈት አልሠራም። ስለዚህ ቲመክስ ውስጥ የሚረሱትን አሁንም ሰው ነው የሚከታተላቸው፤ አድሚኑ የኤልኤምስታትን ዝርዝር በየጠዋቱ እያዩ ከአንድ ቀን በላይ ለቆየ ፕሮግራም ባለቤት ይደውላሉ።

አቅራቢው አዲስ ፋይል ላከ። ዲ ወጥቷል፤ የቀሩት ዩና ኤች ናቸው። ፋይሉ ተተክቶ ሰርቨሩ እንደገና እንዲያነበው ከተደረገ ጀምሮ በዚህ አንድ ማሽን ላይ አንድ ሰው በየትኛውም መንገድ ቢገባ አንድ ነው፤ 24 ሰው ደግሞ ከ24 ሊያልፍ አይችልም። የ10ሩ ግዢ ጥያቄ ተሰረዘ።

አሁን የቀረው ኤች ነው። ድርጅቱ ሁለት ተጨማሪ የስሌት ሰርቨሮች አዝዟል። እነሱ ሲገቡ በሦስቱም ማሽን ላይ ሥራ ያስጀመረ መሐንዲስ ሦስት ይቆጠራል፤ በዚህ ሂሳብ 10 ሰው ብቻ 30ውን ይጨርሰዋል። አቅራቢው ኤችን ለማውጣት እስካሁን አልተስማማም፤ ጉዳዩ ከሚቀጥለው የውል እድሳት ጋር እንዲታይ ተይዟል። እስከዚያው በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይህ ሶፍትዌር እንዳይጫን ተወስኗል።